አንድ ክፍል፣ አንድ ዓመት፦ ሐዋሳ ላይ ትንሽ የመንደር ባህል ሙዚየም እንዴት ይሠራል?

ነገሩን የጀመረው አንድ ቅል ነው። የወተት መናጫ ቅል፤ ከሐዋሳ ብዙም ከማይርቅ መንደር የመጣ። ጥቁር፣ ወዛም፣ አፍንጫ ሲያስጠጉት ወይራ ወይራ የሚል። ለትምህርት ቤታችን የባህል ክበብ በስጦታ ሲመጣ የክበቡ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ቆሽሾ መሰለኝ። በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። ሲደርቅ ራሴን አደነቅኩ። ከሳምንት በኋላ የሰጡን እናት ሊያዩት መጡ። አነሱት፣ ገለበጡት፣ አሸተቱት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡትና "ይሄ የኔ አይደለም፣ ልጄ" አሉኝ።

የሳቸው ነበር። የስንት ዓመት የወይራ ጭስና ቅቤ በቧንቧ ከሄደ በኋላ ግን የማንም ቅል ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ አንዲት የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ወደ ሙዚየምነት ቀይረናል። ብዙ ተሳስተናል፣ ጥቂት ተምረናል። ይህን የምጽፈው በትምህርት ቤት፣ በዕድር ቤት ወይም በቀበሌ አዳራሽ ጥግ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ለሚያስቡ ነው። ብዙ ብር አይጠይቅም። ጊዜና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ ቡናም ይጠይቃል።

ከዕቃው በፊት ዓመቱን ሣሉ

አብዛኛው ሰው ሙዚየም ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የሸክላ ጥግ፣ የስፌት ጥግ፣ የቆዳ ጥግ ነው። እንደ ገበያ ተራ። ችግሩ እንደ ገበያ ከደረደራችሁት ሰውም እንደ ገበያ ነው የሚያየው። "ይሄ ስንት ያወጣል?" ብሎ ይወጣል።

ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ ያለውን የባህል ሙዚየም ያያችሁ ታውቃላችሁ። እዚያ ዕቃው የተሰናዳው በሰው ዕድሜ ዙር ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ። ግሩም ሐሳብ ነው፤ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለአንድ ክፍል የኔ ምርጫ ዓመቱ ነው። ጎብኚው በበሩ በመስከረም ይገባል፣ ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፣ በጳጉሜን በኩል ይወጣል። እያንዳንዱ ዕቃ የሚቀመጠው ሥራ ላይ በሚውልበት ወር ሥር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክፍሉ አራት ግድግዳ አለው፤ አባቶች ዓመቱን የከፈሉትም በአራት ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። ለእያንዳንዱ አንድ ግድግዳ ስጡት። ክረምት መስከረምን ስለሚቆርሰው የክረምቱ ግድግዳ በሩ ያለበት ይሁን፤ ከበሩ ወዲህና ወዲያ አሮጌውና አዲሱ ዓመት ይገናኙበታል። 13 ወረቀት በሁሉም ላይ በተርታ ለጥፉ። ገና አንድ ሰፌድ እንኳ ሳትሰበስቡ በየወሩ ሥር በእርሳስ የምታውቁትን ጻፉ። መስከረም ላይ አደይ አበባ፣ ችቦ፣ ደመራ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የቡና ለቀማ፣ ማጭድ፣ አውድማ። ታኅሣሥ 29 የገና ዱላ። ነሐሴ 13 ጅራፍና ሙልሙል። ባዶ የቀረው ወር ለፍለጋ የምትወጡበት ነው። እኛ ዘንድ ግንቦት ባዶ ነበር፤ ስንጠይቅ ግን ሥራ የሚበዛበት ወር ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ሐዋሳ ጥያቄ ታመጣለች፦ የማን ዓመት? ከተማችን የሁሉ ናት። በመስከረም ብቻ ወላይታው ጊፋታን፣ ሐዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን፣ ጉራጌው መስቀልን ያከብራል። ለእነዚህ የመስከረሙን ግድግዳ ሰፋ ማድረግ ይበቃል። የሲዳማው የዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አይቸነከርም። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። አያንቶዎች፣ የሲዳማ ባህላዊ የከዋክብት አዋቂዎች፣ የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴ አይተው ይወስናሉ፣ ለየጎሳው ይነገራል። ቆጠራውም ሌላ ነው። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ናት፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። ሰባት ሳምንት አንድ ወር፣ 28 ቀን።

መጀመሪያ ዘንድሮ የዋለበት ወር ላይ ለጠፍነው። በሚቀጥለው ዓመት ውሸት ሆነ። አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ ለምን የሚንቀሳቀስ አናደርገውም?" አለኝ። አሁን ግድግዳው ላይ ዙሪያውን አግድም ጣውላ ተመቷል፤ በየወሩ ሥር ሚስማር አለ። የጨምበላላው ሰሌዳ በገመድ ተንጠልጥሎ ከሚስማር ሚስማር ይዛወራል። የዓመቱ ቀን ሲታወጅ ሰሌዳው ይነሳና አዲሱ ቦታው ይሰቀላል። ጎብኚዎች ከሁሉም በላይ የሚጠይቁን ስለዚህ ሰሌዳ ነው። ለምን እንደሚንቀሳቀስ ማስረዳት ስትጀምሩ ስለ አያንቶዎቹ እያወራችሁ ነው።

ወረቀቱን ቶሎ ጨርሱ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ለከተማው ወይም ለክፍለ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ፣ ማኅተም አስመቱ፣ ኮፒውን ይዛችሁ ዙሩ። መንደር ስትገቡ መጀመሪያ ቀበሌውን ወይም የአካባቢውን ሽማግሌዎች አግኙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መኖሩን እወቁ። ለእኛ ዓይነቱ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ገበሬ ሲያርስ ከመሬት ያወጣው ጥንታዊ ነገር ቢያመጣላችሁ አትቀበሉ፤ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል እንዲያሳውቅ ምከሩት፣ አብራችሁትም ሂዱ። ሁለተኛ፣ "ለውጭ ሀገር ሰው ልናሳይ ነው" ብሎ ዕቃ የሚጠይቃችሁ ካለ በሩን አሳዩት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአምልኮ ዕቃ፣ ከመቃብር የተነሳ ነገር፣ "ይሄ ለሁሉ አይታይም" የተባለ ነገር አትውሰዱ። ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ዕቃ አሰባሰብ፦ ቀስ በሉ

ሙዚየሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀሪው ጣውላና ሚስማር ነው።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። የሲዳማ መንደር ከሆነ ሲዳምኛ የሚናገር ሰው አብሯችሁ ይሂድ፤ የመንደሩ ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ለእናቶች የሚሄዱት ሴት ተማሪዎች ቢሆኑ ጨዋታው ሌላ ነው፤ ወንድ አስተማሪ ሲቀመጥ ወሬው ሁሉ መደበኛ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን ዕቃ አትጠይቁ። ተቀመጡ፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ አውሩ።

ገንዘብ አትስጡ። ክፉ መስሎ ይታያል፣ አውቃለሁ። አንዴ ከከፈላችሁ ግን ወሬው በማግስቱ መንደሩን ያዳርሳል። ሰው ገና የሚሠራበትን ገንቦ ሊሸጥላችሁ ይመጣል። አለዚያም አዲስ ሠርቶ ጭስ ቀብቶ ያመጣል። እኛ አንድ "የአያቴ ነው" የተባለ በርጩማ ተቀብለናል፤ ሥሩ ላይ የአናጢው እርሳስ ገና አልጠፋም ነበር። ሳቅን፣ አሁን አስጎብኚው ይቀመጥበታል።

ሥራ ላይ ያለ ዕቃ ካያችሁ ፎቶ አንሱና ተዉት። በጣም ከፈለጋችሁት በውሰት ውሰዱ፤ በዓሉ ሲደርስ ይመለሳል፣ ሲያልፍ ይመጣል። እንዲያውም እኔ ውሰትን እወዳለሁ። ዕቃው ባለቤቱ ጋ በሄደና በመጣ ቁጥር ቅቤ ይነካዋል፣ ጭስ ይጠጣል፣ ወሬ ይዞ ይመለሳል። ስጦታም ይሁን ውሰት በሁለት ኮፒ ጻፉ፦ ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ መቼ፣ መልሶ ቢጠይቅ ምን ይሆናል። የልጅ ወይም የጎረቤት ምስክር ይፈርም። አንዱ ኮፒ እዚያው ይቅር። ይህን ያላደረግን ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ለጥቂት ተቀያይመናል፤ እናት የሰጠችውን ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ "ማን ፈቅዶ?" አለ። እውነቱን ነው።

ማጓጓዝ፦ ሸክላ በባጃጅ አይሄድም። እኔ ሞክሬያለሁ። ትልቅ እንስራ ጭኔ ላይ አቅፌ፣ አስፋልቱ እስኪደርስ ደኅና፣ ከዚያ አንድ ጉድጓድ፣ አንገቱ እጄ ላይ ቀረ። ብርድ ልብስ ወይም አሮጌ ፍራሽ አንጥፉ፣ ዕቃውን በጎኑ ሳይሆን በቂጡ አስቀምጡ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፉ። ስታነሱትም በጆሮው ወይም በማንጠልጠያው አታንሱ። ሁለት እጅ ከሥር። ይህ ለመሶብም ለአገልግልም ይሠራል፤ ድሮ ጠንካራ የነበረው እጀታ ዛሬ በክር ብቻ ነው የተያዘው።

"ይሄ ምን ይባላል?" ብላችሁ አትጠይቁ

መጠየቅ ይኖርባችኋል እርግጥ ነው። ግን እሱ ብቻ ከሆነ የምታገኙት አንድ ቃል ነው። የኛ ተማሪዎች የመጀመሪያ ቀን ቅጂ እንዲህ ይላል፦

"እማማ፣ ይሄ ምን ይባላል?"
"ሻፌታ።"
"ለምን ያገለግላል?"
"ለመብያ።"

አለቀ። ሁለት ደቂቃ። በሳምንቱ እዚያው ተመለሱና አንዷ ልጅ "ለመጨረሻ ጊዜ የበሉበት ቀን ማን ማን ነበር?" አለች። አርባ ደቂቃ ሄደ። ቡርሳሜውን ማን እንዳዘጋጀ፣ የእንሰቱ ምግብ በቅቤ ሲለወስ ቤቱ ምን እንደሚሸት፣ የጎረቤት ልጆች "አይዴ ጨምበላላ!" እያሉ ሲገቡ ማን እንደተቀበላቸው፣ የትኛው ልጅ ጠርዙን እንደሰነጠቀው፣ ተቆጥተው በኋላ እንደሳቁ። ፍቼ በአፈ ታሪኩ መሠረት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ቡርሳሜ ይዛ የምትመጣ የሲዳማ ሴት መታሰቢያ ነው። ያንን እኛ በንባብ እናውቀው ነበር። እሳቸው ደግሞ ራሳቸው ሙሽራ ሆነው ወደ እናታቸው ቤት የሄዱበትን ቀን ነገሩን። ታሪኩ ከመጽሐፍ ወጥቶ እግር አወጣ።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ የአንድ ቀን ጥያቄ ይሁን። "በባህላችሁ እንዴት ይከበራል?" ስትሉ ሰው እንደ ቴሌቪዥን ይመልሳል። "አምና ያን ቀን ጠዋት መጀመሪያ ምን አደረጉ?" ስትሉ ያስታውሳል። ሲያቆሙ አትቸኩሉ። ዝም በሉ። ጥሩው ወሬ ከዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው።

ለመቅጃ ስልክ ይበቃል። የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት፣ ስልክ እንዳይጠራበት። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ ነጠላ አጥፋችሁ ከሥሩ አድርጉ፣ አለዚያ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር ነጎድጓድ ትሰማላችሁ። ቡና ሲወቀጥ ጥያቄ አትጠይቁ፤ ሙቀጫውን ግን ለብቻው ቅረጹት፣ ለክፍሉ ድምፅ ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት ለምን እንደምትቀርጹ ንገሩ፣ ፈቃዳቸውን ድምፃቸው ላይ አስቀሩ። ማታ ሳትተኙ ኮምፒውተርና ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ስልክ ይሰረቃል።

ቪዲዮ ከሆነ ከፊት ይልቅ እጅ ቅረጹ። እንሰት ሲፋቅ የሚያስደንቀው እጅና እግር ነው። እናትየው ዘንበል ባለው ሳንቃ ላይ ሽፋኑን በእግራቸው ደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ይስባሉ፤ ነጩ ይወርዳል፣ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል። የሚወርደው ቆጮ ይሆናል፣ ተጨምቆ የሚወጣው ፈሳሽ ሲረጋ ቡላ፣ ሥሩ ተቀቅሎ አሚቾ። ከአንድ ተክል ምግብም ገመድም። መፋቂያዋን ብቻ ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጧት የተቆረጠ ቀርከሃ ናት። ከጎኗ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በአሮጌ ስልክ ቢዞር ሰው ቆሞ ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወስ። ዩኔስኮ በ2006 መስቀልን፣ በ2008 ፍቼ ጨምበላላን፣ በ2012 ጥምቀትን ሲመዘግብ የመዘገበው በዓሉን ነው፤ ሰው የሚያደርገውን። ችቦውም ሻፌታውም ስለዚያ ምስክር እንዲሰጡ ነው የምንሰበስባቸው።

መዝገብ

አሰልቺ ነው። ግን ካልሠራችሁት በሦስተኛው ዓመት ማንም ምን የማን እንደሆነ አያውቅም።

ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ፦ 2017.4.2 ማለት በ2017 ዓ.ም. ከአራተኛው ሰጪ የመጣ ሁለተኛ ዕቃ ነው። ቁጥሩን ወፍራም ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና በጥጥ ፈትል ዕቃው ላይ እሰሩ። በእርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ስለሚሮጥ ነው። ዕቃው ላይ በማርከር አትጻፉ፣ ፕላስተር አትለጥፉ። ደብተሩ ላይ ባለቤቷ የጠራችበትን ስም በቋንቋዋ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ቁመትና ስፋቱን፣ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ወር እንደሚወጣ፣ ያለበትን ጉዳት መዝግቡ። የቅጂውን ፋይልም በዚያው ቁጥር ሰይሙ። ፎቶ ስታነሱ ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጡ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ፍላሽ ሸክላውን ሳህን ያስመስለዋል።

ማጽዳት፣ ወይም አለማጽዳት

የቅሉን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ። ሕጌ አሁን ይህ ነው፦ አቧራ ይወገዳል፣ ጥላሸትና ቅባት ይቀራል። አቧራ ከውጭ የመጣ ነው። ጥላሸቱ የዕቃው ዕድሜ ነው። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ውሃ ለሸክላም ቢሆን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ፤ ቆዳ፣ እንጨትና ስፌት ላይ ጨርሶ አታድርጉ። ስልቻና አጎዛ ደረቀ ብላችሁ ዘይት አትቀቡ፤ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ነፍሳት ይጠራል። እንጨትና ስፌት ስትይዙ ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፤ የጨርቅ ጓንት የስፌቱን አክርማ ይነቅለዋል። ብረትና ነሐስ ላይ ግን ጓንት አድርጉ፣ ላብ ያዝገዋል።

የምር ጠላታችሁ ነፍሳት ናቸው። ቆዳና ሱፍን ብል፣ እንጨትን ነቀዝ፣ ሁሉንም ምስጥ። አዲስ የመጣ ዕቃ ቀጥታ ወደ ክፍሉ አይግባ። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና ለብቻው አንድ ወር ጠብቁ። ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ውስጡ ነዋሪ አለ። መርጫ አትርጩ፤ ለዕቃውም ለልጆቹም አይሆንም። ለስፌት፣ ለጨርቅና ለትንሽ እንጨት ማቀዝቀዣ መድኃኒት ነው። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አየሩን አውጥታችሁ በፕላስተር አሽጉት፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያ በታች በሚወርድ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሲወጣ ፕላስቲኩን አንድ ቀን ሙሉ አትክፈቱ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። መሃል ላይ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ቆጠራው እንደገና ከአንድ። እኛ አንዲት ሌማት ለማከም ሁለት ወር ፈጅቶብናል። የዲፕ ፍሪዘሩ ባለቤት፣ ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤት፣ እስካሁን "ሌማቷ በሰለች?" እያለ ይቀልድብናል።

ፀሐይ ጥለት ታነጣለች። መስኮቱ ላይ መጋረጃ ስቀሉ፣ የሐበሻ ልብስ ከመስኮት ፊት ለፊት አይሁን። መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ወለሉን አይንካ። በክረምት በየሳምንቱ ከኋላ በባትሪ እዩ፤ ግድግዳው ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር ከወጣ ምስጥ መንገድ እየሠራ ነው።

አደራደርና ጽሑፍ

ያላችሁን ሁሉ አታውጡ። በአንድ ወር ሥር ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ይበቃል። የገና ዱላና እሩሩ፣ ኳሱ ማለት ነው፣ ብቻቸውን ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ልጅ ሁሉ እጁ ይበላዋል። ስለዚህ አንድ ሌላ ዱላ ለመንካት፣ ለመወዝወዝ አስቀምጡ። በየግድግዳው አንድ የሚነካ ነገር ቢኖር የቀረውን መጠበቅ ይቀላል።

የሚበሰብስ ነገር ዓመቱን ሙሉ አታሳዩ። የደረቀ የእንሰት ቅጠልና የፕላስቲክ አደይ አበባ አሳዛኝ ናቸው። ለዚህ አንድ ባዶ መደርደሪያ መሃል ላይ ተዉ፤ "የዚህ ሳምንት" እንበለው። መስከረም ላይ ትኩስ አደይ፣ የመስቀል ሰሞን የጉራጌ ጣባና የቀንድ ማንኪያ፣ ቡና ሲለቀም ቀይ የቡና ፍሬ፣ ቡሄ ላይ ትኩስ ሙልሙል። ሙልሙሉ ሁለት ቀን አይቆይም፤ ተማሪዎች ይጠብቁታል። ለጨምበላላ ሑሉቃውን፣ ቤተሰቡ የሚሾልክበትን የእርጥብ እንጨት ቅስት፣ ለጌጥ ብላችሁ ራሳችሁ አታቁሙ። የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ለፎቶ ማቆም ተገቢ አይደለም ካሉ ፎቶውን ስቀሉ።

መግለጫ ጽሑፍ አጭር ይሁን፣ ፊደሉ ከሁለት ሜትር ይነበብ፣ በአማርኛና በሲዳምኛ ይሁን፤ ዕቃው የወላይታ ከሆነ በወላይትኛም። የመጀመሪያው ጽሑፋችን እንዲህ ነበር፦

"ሻፌታ። ከሸክላ የተሠራ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ ዕቃ።"

ማንም አላነበበውም። አሁን ያለው ይህ ነው፦

"ቡርሳሜ በዚህ ይቀርባል። ልጆች 'አይዴ ጨምበላላ!' ብለው ሲገቡ ዙሪያውን ከበው ከአንዱ ይበላሉ። ጠርዙ ላይ ያለውን ስንጥቅ አያችሁት? የሰጡን እናት ትልቁ ልጅ ነው የሠራው፤ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር።"

ሰው ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን ይፈልጋል። አንድ ጽሑፍ ሰውን ካላስጎነበሰ እንደገና ጻፉት።

ከከፈታችሁ በኋላ

ሪባን፣ ንግግር፣ ኬክ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን በመክፈቻው ቀን ፊት ወንበር ላይ ዕቃ የሰጡት እናቶችና አባቶች ይቀመጡ። መኪና ላኩላቸው። እኛ ቅሉን መክፈቻው ላይ ምን እናድርገው ብለን ተጨነቅን። በመጨረሻ "በስህተት የታጠበ" ብለን ጽፈን ወተት በሚናጥበት ወር ሥር አስቀመጥነው። ሰጪዋ እናት ሲነበብላቸው ሳቁና "አምጣው እስቲ" አሉ። ወስደው ወይራ አጥነው፣ ወተት ንጠውበት፣ ከሦስት ወር በኋላ መለሱት። አሁን መዝገቡ ላይ ውሰት ነው የሚለው። በዓመት አንዴ ቤቱ ይሄዳል።

አስጎብኚ ተማሪዎችን በየግድግዳው መድቡ። አንድ ልጅ አራቱንም ከሚሸመድድ አንዱን ወቅት በደንብ ይወቅ፤ ከቤቱ ያመጣው ታሪክ ካለው ይበልጥ ጥሩ። የጎብኚ መዝገብ ላይ "ስምና ፊርማ" ብቻ አይሁን፤ "እናንተ ቤት ይሄ ምን ይባላል?" የሚል ዓምድ ጨምሩ። ግማሹ አዲስ ዕቃችን የመጣው ከዚያ ዓምድ ነው።

በወር አንድ ቀን ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ዝጉና ደብተሩን ይዛችሁ ዕቃ ቁጠሩ፣ ከሥር ዱቄት እዩ፣ ፈትሉ የላላ ቁጥር አጥብቁ። "የዚህ ሳምንት" የተባለውን መደርደሪያ የሚቀይር ተረኛ ስሙ በሩ ላይ ይለጠፍ። የዘንድሮው ጨምበላላ ሲታወጅ ሰሌዳውን ከሚስማሩ የሚያነሳውንም ልጅ ከአሁኑ ምረጡ፤ ቀኑ ከታወጀ በኋላ ከሆነ ተፎካካሪው ስለሚበዛ ትጨቃጨቃላችሁ።